የሦስት ሳምንቱ ሞተረኛ

የእህቴን ባል ድሮም አልወደውም ነበር ብል እዋሻለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ወድጄዋለሁ፤ የጠላሁት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ከሁለቱ የቱ ላይ እንዳለሁ ለራሴም አይገባኝም። አፌ መራራ እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱሪውን ሊወስድ የሚመጣ ደንበኛዬ ስድቤንም አብሮ ጠቅልሎ ነው የሚሄደው። የምነግራችሁንም ነገር ይህን እያወቃችሁ ስሙት።

ሰውየው የላቦራቶሪ መልእክተኛ ነው። ከየክሊኒኩ ደምና ሽንት ይሰበስብና በበረዶ ሳጥን አድርጎ፣ ከሞተሩ ኋላ አስሮ፣ ወደ ዋናው ላቦራቶሪ ያደርሳል። ባልደረቦቹ «ሳጥኑ» ነው የሚሉት። ሥራው እንዲህ በቀላሉ የሚታይ አይደለም፤ ደሙ ከሞቀ ይበላሻል፣ ከተንገጫገጨም ይበላሻል። ፈጥኖ መድረስ አለበት፣ ቀስ ብሎም መንዳት አለበት፤ እሱ ሁለቱን ባንድ ላይ ያውቅበታል። የከተማውን ጉድጓድ አንድ ባንድ ለይቶ ያውቀዋል። አንዱ ጉድጓድ የተደፈነ ቀን ቅር ብሎት የሚገባ ይመስለኝ ነበር።

እህቴ ታናሼ ናት። ሆቴል ቤት ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ትተኩስ ነበር፤ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ፣ በእንፋሎት ተከባ። ማታ ስትገባ እጇ ከካውያው ሙቀት የተነሳ ቀልቶ ያብጣል። ልጅ የላቸውም። ሐኪም ዘንድ ስድስት ዓመት ተመላልሰው ሲሰለቻቸው ተዉት። እህቴ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቀን አልቅሳ አታውቅም። እሷ የነበራት እሑድ ነው።

እሑድ ጠዋት ባሏ ሳጥኑን ከሞተሩ ላይ ይፈታና እሷን በቦታው ያስቀምጣታል። «ደሙን አውርደህ ሚስትህን ጫንክ?» እላለሁ ቤታቸውን ከሚያየው መስኮቴ፤ ይስቃሉ። ከከተማው ወጥተው እስከ ግድቡ ድረስ አርባ ደቂቃ ይነዳሉ። ግድቡ ዘንድ የሚታይ ነገር የለም፤ ውሃ፣ ሲሚንቶና «መዋኘት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ። እዚያ ከፔርሙስ ሻይ ቀድተው ይጠጡና ይመለሳሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። እህቴ ግን ከሰኞ ጀምራ ስለዚህች ጉዞ ታወራለች፤ ኀሙስ ላይ ሰማዩን ማየት ትጀምራለች፤ ቅዳሜ ዝናብ ከጣለ የሚያናግራት የለም።

ሞተሩ ስፖኪዮ አልነበረውም። የመጀመሪያዎቹን ሌባ ፈታቸው፣ ሁለተኛዎቹ ደግሞ በመኪና መሃል ሲሽሎኮለክ ረገፉ፤ ከዚያ ወዲያ ተወው። መልእክተኞቹ ሁሉ እንዲያ ናቸው፤ የኋላቸውን የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። እሑድ እሑድ ግን የባሏ ስፖኪዮ እህቴ ነበረች። ከኋላ በግራ የሚመጣ መኪና ካለ ግራ ትከሻውን መታ ታደርገዋለች፣ በቀኝ ከሆነ ቀኙን። ሁለቱንም እጇን ካሳረፈችበት «ቀስ በል» ማለቷ ነው። ይህን ያስተማራት የለም፤ ባንድ ላይ ሲኖሩ የመጣ ነገር ነው። አንዳንዴ ቤት ውስጥ ሳህን ይዛ ከኋላው ስታልፍ ሳታስበው ትከሻውን መታ ስታደርገው፣ እሱም ሳያስበው ወደ ጎን ይልላታል። እኔ በሳቅ እሞታለሁ።

ውጭ አገር የሚኖር ታላቅ ወንድም አለው። ሁለት ሞተር አለኝ ይላል፤ ሁለት ሞተር ላንድ ቂጥ። ይኸው ወንድም አንድ ቀን ደውሎ «ና፣ ሦስት ሳምንት አብረን እንንዳ» አለውና ትኬት ላከለት። ትኬቱ ያንድ ሰው ነው። እህቴ ሸሚዞቹን አንድ ባንድ ተኩሳ፣ አጣጥፋ፣ ሻንጣው ውስጥ ደረደረችለት። «እህ፣ አንቺስ?» ብላት፣ «እኔ ምን እሠራለሁ፤ ሲመጣ ይነግረኝ የለ?» አለችኝ።

መጣ፤ ነገራትም። ነገራት ብቻ አይደለም፣ ጆሮ ያለውን ፍጡር ሁሉ ነገረ። ለራሱ ሄልሜት፣ የቆዳ ጃኬት፣ ጓንትና አንድ ጥንድ ስፖኪዮ ይዞ መጥቷል። ለእህቴ የቁልፍ መያዣ። ለእኔ መቀስ፤ ያውም ወረቀት እንጂ ጨርቅ የማይቆርጥ።

«እዚያ» የሚለው ቃል ከአፉ አይጠፋም ነበር። እዚያ መስመርህን ከያዝክ የሚጋፋህ የለም። እዚያ ክላክስ መንፋት እንደ ስድብ ነው። እዚያ አስፋልቱ ላይ ናሙናውን በእጅህ ይዘህ ብትነዳ ጠብታ አይፈስም። እዚያ በተራራው ዙሪያ ስትጠመዘዝ ሞተሩ ራሱ ያስብልሃል። አንድ ሳምንት ሰማነው፤ ሁለት ሳምንት ታገሥነው። በላቦራቶሪው ግቢ፣ ተራቸውን በሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ባልደረቦቹ መቀለጃ አደረጉት። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው መልእክተኛ፣ «ታዲያ ጉድጓድ ከሌለ እንቅልፍ ሲጥልህ ምን ይቀሰቅስሃል?» አለው አሉ። ሌላው ደግሞ፣ «ያን ያህል ከጣመህ ለምን ተመለስክ?»

«ቪዛው አለቀብኝ» አለ የእኛ ሰው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ሚስቴ ናፈቀችኝ ማለት እንኳ አልመጣለትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳጥኑ መባሉ ቀርቶ «እዚያ» ሆነ ስሙ። «እዚያ የት ሄደ?» ይላል አንዱ። «አሁን እዚህ ነበር» ይላል ሌላው። ይንከተከታሉ። እሱ ሲስቁበት የቀኑበት መስሎት ይበልጥ ያብራራል።

ከተመለሰ በኋላ የመጀመሪያው እሑድ ደክሞኛል አለ። ሁለተኛው እሑድ ሞተሩን ፈታትቶ ሲያጥብ ዋለ። ሦስተኛው እሑድ እህቴ ፔርሙሱን ሞልታ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ዛሬም አንሄድም?» አለችው።

«የት?»

«ግድቡ ነዋ።»

«ምን ሊታይ?» አላት። «እዚህ ለደስታ አይነዳም። እዚህ መንዳት ሥራ ነው፤ ሥራዬን ደግሞ ስድስት ቀን ሠርቼዋለሁ።»

እህቴ ጫማዋን አወለቀች። ሻዩን ይዛ ወደ እኔ መጣችና በሁለት ብርጭቆ ቀዳችው። ጠጣነው። እንዲህ እያለ አምስት እሑድ አለፈ። በአምስተኛው ፔርሙሱን አልሞላችም።

ይሄኔ ነው እንግዲህ የእኔ ምላስ የገባው። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሁለት ባልደረቦቹ ሱሪ ሊያሳጥሩ ሱቄ መጥተዋል፤ እሱም በሩ ላይ ተደግፎ ስለ እዚያ ጠመዝማዛ መንገዶች ያስተምራቸዋል። እህቴ ከመጋረጃው ኋላ ቁልፍ ትተክልልኛለች። ደሜ ፈላ።

«አንተ» አልኩት፣ «በሰው ሞተር፣ በሰው ነዳጅ፣ በሰው መንገድ ሦስት ሳምንት ነድተህ ነው እንዲህ ባለአገር የሆንከው? እዚያ ማን ያውቅሃል? ብትወድቅ ስምህን ለማወቅ ኪስህን ነው የሚፈትሹት። እዚህ አንዲት ሴት እሑድ እስኪደርስ ቀን ትቆጥራለች፣ አንተ ጉድጓድ ትቆጥራለህ! ወይስ እዚያ ሚስት ጭኖ መንዳት በሕግ ተከልክሏል?»

ባልደረቦቹ በሳቅ ተጣጠፉ፤ አንዱ ዓይኑን እስኪያብስ። የእህቴ ባል ፊቱ ጠቆረ። ከበሩ ተነስቶ ሄደ። እኔ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ አልዋሽም። ከመጋረጃው ኋላ ግን መርፌው ቆሟል። ገልጬ ሳያት፣ «በሰው ፊት ባትዪው ምን ነበረበት፣ እትዬ?» አለችኝ።

በማግስቱ እሑድ ሞተሩን አስነሳ። ስፖኪዮዎቹን ገጥሟቸዋል፣ ያንጸባርቃሉ። ጃኬቱን ለብሶ፣ ጓንቱን አጥልቆ፣ አዲሱን ሄልሜት ደፍቶ ተቀምጧል። ለእህቴ መስታወቱ የተሰነጠቀውን የድሮ ሄልሜቱን ሰጣት። እኔ መስኮቴ ላይ ነበርኩ፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔን መንካት የለም» አላት። «እዚያ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ነጂውን አይነካም። የኋላውን ብረት ያዢ። ሳዘነብል አብረሽ አዘንብዪ። ሌላ ምንም አትሥሪ።»

«መኪና ሲመጣስ?»

«ስፖኪዮ አለኝ።»

«እሺ» አለች።

ወጡ። እኔ ሞኟ፣ ቢያንስ ወሰዳት ብዬ ደስ አለኝ። በምላሴ ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ ብዬ ለራሴ ሻይ ቀዳሁ።

ሲመለሱ «እንዴት ነበር?» ስላት «ጥሩ ነው» አለች። በሚቀጥለው እሑድም «ጥሩ ነው»። በሦስተኛው «ብረቱ እጅ ያደነዝዛል» አለችኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። በኋላ ልብስ ስናሰጣ ነው ነገሩን ያወጣችው። ገበያው አጠገብ በልማድ ትከሻውን መታ አድርጋው ኖሯል። ዳር ይዞ ቆመ። ሄልሜቱን አውልቆ፣ ቲማቲም የሚሸጡት ሴቶች ሁሉ እያዩ ጮኸባት። «ስንት ጊዜ ነው የሚነገርሽ? ሕፃን ነሽ? አትንኪኝ አልኩ እኮ!» ብሎ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉላት። እህቴ ይህን ስትነግረኝ አንሶላውን ዘርግታ፣ ጠርዙን ከጠርዙ እያገጣጠመች ነበር፤ ለብዙ ዓመት እንጀራዋ የሆነ ሥራ ስለሆነ እጇ አልተሳሳተም።

«ተዪዋ፣ አትሂጂ» አልኳት።

«አንቺ አይደለሽ ውሰዳት ያልሽው?» አለችኝ።

አደጋው እንደገና መውጣት በጀመሩ በአምስተኛው እሑድ ደረሰ። ከግድቡ ሲመለሱ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ በሚጀምርበት ቦታ አንድ የታወቀ ጉድጓድ አለ፤ ሁሌም ወደ ግራ ወጥቶ ነው የሚያልፈው። ያን ዕለትም ወደ ግራ ወጣ። ከኋላ ሽንኩርት የጫነች ፒካፕ ልትቀድም እየመጣች ነበር። ሹፌሩ ክላክስ ነፍቻለሁ፣ ደጋግሜ ነፍቻለሁ ይላል፤ አምነዋለሁ። ያ ሄልሜት ጆሮ ይደፍናል፤ ባለቤቱ ራሱ ከሁሉ አብልጦ የሚወድለት ጸጥታውን ነው። ስፖኪዮዎቹም በኮረኮንች ላይ እየተንቀጠቀጡ ሰማይና አቧራ ቀላቅለው ከማሳየት በቀር ለምንም እንደማይሆኑ እሱ ራሱ የነገረን በኋላ ነው። ፒካፗ የሞተሩን ኋላ ገጨችው። እሱ ሣር ላይ ወደቀ። እህቴ የወደቀችው ድንጋይ ላይ ነው።

እሱ ክርኑ ተላጠ። የእህቴ ዳሌ ተሰበረ፤ ከዳሌዋ በታች ያለው አጥንትም ሁለት ቦታ።

ሆስፒታል ስደርስ እሷን ራጅ ሊያነሷት አስገብተዋታል። እሱ ኮሪደሩ ላይ፣ ሄልሜቱን ታቅፎ፣ ለትራፊክ ፖሊሱ ቃሉን ይሰጣል። ጠጋ ብዬ ሰማሁት። «እዚያ ቢሆን እኮ በዚህ ቦታ መቅደም አይፈቀድለትም ነበር» ይላል። ፖሊሱ እስክሪብቶውን እንደያዘ፣ «የት ቢሆን?» አለው። እዚህ ላይ ነው የጠላሁት። ሄልሜቱን ከእጁ መንትፌ በኮሪደሩ ወረወርኩት። ግድግዳ መትቶ ተንከባለለና ነርሷ እግር ሥር ቆመ። መቼም ጥሩ ዕቃ ነው፤ ጭረት አልወጣበትም።

ብሎን አስገቡላት። አጥንቱ ሲገጥም ቀኝ እግሯ በሁለት ጣት ያህል አጠረ። ላውንደሪው ለነበራት ትጉህ አገልግሎት አመስግኖ የሚያሰናብት ደብዳቤ ላከላት፤ ቁጭ ብሎ የሚተኮስ አንሶላ የለማ። ግድቡማ ይቅር፤ እግሯን ዘርግታ ሞተር ላይ መውጣት እስከ መጨረሻው የማይታሰብ መሆኑን ሐኪሙ በሦስት ደቂቃ ነግሯት ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

ባሏ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ያጥባታል፣ ያበስላል፣ ጸጉሯን ሳይቀር ያበጥርላታል፤ ባያውቅበትም። ስፖኪዮዎቹን ፈቶ ለሚፈልግ ሰጠ። ስለ እዚያ ትንፍሽ አላለም። ባልደረቦቹ «እዚያ» ማለታቸውን ትተው በአክብሮት «ወንድማችን» ይሉት ጀመር፤ ይህ ከቀልዱ ይበልጥ ሲያጎብጠው አየሁ። የሰፈሩ ሴቶች «እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል?» ይላሉ። እኔም ልቤ መራራት ጀምሮ ነበር። እህቴ ብቻ ምስጋናውንም ወቀሳውንም ዝም ብላ ታሳልፋለች።

አምስት ወር ያህል ሆኗት፣ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ውስጥ ቀሚስ እለካታለሁ። አንድ እግሩ ያጠረ ሰው ቀሚስ ሲሰፋለት ጫፉ ዙሪያውን እኩል ከታጠፈ ተንጋዶ ይታያል፤ እኩል እንዲመስል ባጠረው እግር በኩል አሳጥሮ ማጠፍ ያስፈልጋል። እህቴ ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆማለች። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ስፒሎቹን በከንፈሬ ይዤ፣ ጫፉን በጠመኔ አሰምራለሁ። ባሏ ክራንቾቿን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው።

«ጠይቂኝ።»

«እንዳታባብለኝ ግን። እዚያ ስትነዳ ምኑ ነው ያን ያህል ደስ ያለህ?»

«ተይው በናትሽ። እሱ አለፈ።»

«ለእኔ አላለፈም። መንገዱ ነው?»

ክራንቹን ያሻሽ ጀመር። «መንገዱ ጥሩ ነው። ግን መንገዱ አይደለም። ወንድሜ እንደውም መንገዱን ሲራገም ነው የሚውለው።»

«ተራራው?»

«ተራራ እዚህም አለ።»

«ታዲያ?»

ይዋሻል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲዋሽም ጸለይኩ። ከሰውየው ጋር አሥራ አራት ዓመት ተጎራብቼ እውነት ሲናገር ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ያን ፊቱን አመጣው።

«ጀርባዬ ባዶ ነበር» አለ። «የመጀመሪያው ቀን ግር አለኝ፤ የረሳሁት ዕቃ ያለ እየመሰለኝ ዞር ዞር ስል ነበር። በሁለተኛው ቀን ቀለለኝ። እዚህ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ደም እሸከማለሁ፣ እሑድ ደግሞ አንቺን። ጠልቼሽ አይደለም። መሸከሙ ነው። ሳዘነብል የምሰጋለት፣ ትከሻዬን የሚነካኝ፣ ወደ ኋላ የማስብለት ሰው አልነበረም። መንገዱ እዚህም ቢሆን፣ ብቻዬን ብሆን ያው ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ።»

ስፒል ልውጥ ትንሽ ቀረኝ። ቀና ብዬ እህቴን አየኋት፤ ታለቅሳለች ብዬ። ፊቷ አልተለወጠም።

«እውነቱን ስለነገርከኝ እኔም ልንገርህ» አለች። «መኪናዋን አይቻታለሁ።»

«የቷን?»

«ፒካፗን። ገና ሩቅ ሳለች ነው ያየኋት፤ ሽንኩርቱ ሳይቀር ታይቶኛል። አንተ ወደ ግራ እንደምትወጣም አውቄያለሁ፤ ጉድጓዱን እኔም ካንተ እኩል አውቀዋለሁ። እጄን ከብረቱ ላይ አነሳሁ። ከዚያ መልሼ ያዝኩት።»

ባሏ ቀስ ብሎ ተነሳ። ክራንቾቹ ከጉልበቱ ወለል ላይ ወደቁ፤ አላያቸውም። «እንዳልቆጣሽ ፈርተሽ ነው» አላት። ድምፁ ይለምናል። «ስለጮህኩብሽ ነው። የእኔ ጥፋት ነው፤ ፈርተሽ ነው።»

እኔም በሆዴ፣ አዎ በዪው፣ ፈርቼ ነው በዪው እላለሁ።

«አይ» አለች እህቴ። «እንድትወድቅ ፈልጌ ነው። እኔም አብሬህ የምወድቅ አልመሰለኝም።»

የቀሚሱ የግራ ጎን ገና ስላልተለካ፣ «ዙሪ» አልኳት፤ ጠረጴዛውን ይዛ ዞረች።